ዘበኛውን የሚያስተኙ ጥቃቅን ከረጢቶች



ከሰበታ በዓለም ገና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ በኩል ማለዳ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን የሰው ጎርፍ ከእናንተ ይበልጥ የሚያውቀው የለም። ብዙዎቻችሁ ደብተር ወይም የመሥሪያ ቤት ፋይል ይዛችሁ በዚሁ ጎርፍ ውስጥ ትጓዛላችሁና። ከዚያ ሁሉ መንገደኛ መካከል የሐኪም ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ አስታማሚውን ተደግፎ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ አይጠፋም። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የካንሰር በሽተኞች ናቸው። ዛሬ ስለዚሁ በሽታ አንድ ምሥጢር ልናወጋችሁ እንወዳለን። ይኸውም ካንሰር የሰውነታችንን ዘበኞች በምን ብልሃት እንደሚያታልላቸው ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ካንሰርን አባቶቻችን «ነቀርሳ» ይሉታል። ነገር ግን «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል በልማድ ቲቢን ማለታችን ስለ ሆነ ሁለቱን በሽታዎች የሚያደባልቅ ሰው ብዙ ነው። ቲቢ ከውጭ በሚገባ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ካንሰር ግን ከውጭ የገባ እንግዳ አይደለም። ከገዛ ሥጋችን አንዱ ሕዋስ ሥርዓቱን ጥሶ፣ «በቃህ» ሲባል አልሰማ ብሎ፣ ያለ ልክ ሲራባ የሚፈጠር በሽታ ነው። በትንፋሽም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ስለዚህ ካንሰር ከያዘው ዘመዱ የሚሸሽ ሰው በከንቱ ይሸሻል። ስሙ እንዳያሳስት እኛም በዚህ ጽሑፍ «ካንሰር» እንለዋለን።

እንግዲህ ዘበኞቹ እነማን ናቸው? በደማችን ውስጥ የሚዘዋወሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እነዚህም እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሥራ ክፍፍል አላቸው። ዴንድሪቲክ ሴል የተባለው የሚያጠራጥር ነገር ባገኘ ጊዜ ከዚያው ቆንጥሮ ወደ ጣቢያ ይዞ ይሄዳል። ጣቢያውም በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያለው የሊምፍ ዕጢ ነው። እግራችን በቆሰለ ጊዜ ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት የሚወጣው፣ ወሬው ከቁስሉ እስከ ጣቢያው ደርሶ ዘበኞቹ በዚያ ስለሚሰበሰቡ ነው። በጣቢያው የሚጠብቁት ቲ ሴል የሚባሉት ሕዋሳት የተያዘውን ቁራጭ መርምረው «ይህማ ጠላት ነው» ካሉ ይራባሉ፤ ተራብተውም ወንጀለኛውን ፍለጋ ይወጣሉ። ከእነርሱ ሌላ፣ ትእዛዝ ሳይጠብቁ የተበላሸ ሕዋስ ባዩበት ቦታ የሚገድሉ፣ «የተፈጥሮ ገዳይ» የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ወደ ካንሰር ሊለወጡ ከጀመሩት ሕዋሳት ብዙዎቹን እነዚህ ዘበኞች እኛ ሳናውቅ ያጠፉልናል።

ታዲያ ዘበኛው እንዲህ ብርቱ ከሆነ ካንሰር እንዴት ያድጋል? ጥያቄው የቆየ ነው። መልሱም አንድ ብቻ አይደለም። ከመልሶቹ አንዱ ግን እጅግ በሚያስደንቅ ትንሽ ነገር ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል፤ ይኸውም ሕዋሳት ወደ ውጭ የሚለቁት ጥቃቅን ከረጢት ነው።

ታሪኩ ከበግ ደም ይጀምራል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በበዓል ዋዜማ በሱሉልታ መንገድ ሲነዳ የምናየው በግ፣ ለእኛ ከዶሮ ወጥ ቀጥሎ የሚታሰብ ነው። በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ለነበረችው ለሮዝ ጆንስቶን ግን በግ የምርምር ምንጭ ሆነላት። ይህች ሊቅ ቀይ የደም ሕዋስ ከልጅነት ወደ ሙሉ ዕድሜ ሲደርስ የማያስፈልገውን ዕቃ ወዴት እንደሚያደርሰው ትመረምር ነበር። በ1983 ከባልደረባዋ ጋር ያገኘችው ነገር ይህ ነው፤ ሕዋሱ ዕቃውን በጥቃቅን ከረጢት እየቋጠረ ወደ ውጭ ይጥለዋል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ እነ ፊሊፕ ስታል በአይጥ ደም ላይ ተመሳሳይ ነገር አዩ። በ1987 ጆንስቶን ለከረጢቶቹ «ኤክሶሶም» የሚል ስም አወጣችላቸው።

የከረጢቱን ትንሽነት ለመገመት እንሞክር። አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢካፈል አንዱ እጅ ናኖ ሜትር ይባላል። የአንድ ኤክሶሶም ስፋት ከ30 እስከ 150 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። መካከለኛውን ይዘን 100 ብንል፣ 10 ሺህ ከረጢቶች ትከሻ ለትከሻ ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሞላሉ። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ከደም ውስጥ ለይቶ ለማውጣት፣ ከመሬት ስበት 100 ሺህ ጊዜ በሚበልጥ ኃይል በሚያሽከረክር መሣሪያ ለሰዓታት መናጥ ያስፈልጋል። ወተት ሲናጥ ቅቤው ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ በዚህ መሣሪያ ደግሞ ከረጢቶቹ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ነገራችንን ከወተት ካነሣን አይቀር፣ ከሱሉልታ በጀሪካን ተጭኖ በሚመጣው ወተት ውስጥም፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥም እንዲህ ያሉ ከረጢቶች ሞልተዋል። ከረጢት መልቀቅ የጤነኛ ሕዋስም ጠባይ ነው እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም።

ለብዙ ዓመታት ሊቃውንቱ ከረጢቶቹን እንደ ቤት ጥራጊ ይቆጥሯቸው ነበር። ማን ስለ ጥራጊ ይመራመራል? ነገሩ የተለወጠው በ1996 ነው። በሆላንድ አገር በዩትሬክት ከተማ ግራሳ ራፖሶና ባልደረቦቿ ከነጭ የደም ሕዋስ የሚወጡት ከረጢቶች ቲ ሴሎችን ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉ አሳዩ። በ2007 ደግሞ በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ ሃዲ ቫላዲና ያን ሎትቫል በከረጢቶቹ ውስጥ አር ኤን ኤ፣ ማለት ለሕዋስ የሚጻፍ የሥራ ትእዛዝ፣ ተቀምጦ አገኙ። ትእዛዙም በተቀባዩ ሕዋስ ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል ታየ። ስለዚህ ጥራጊ ሲባል የኖረው ነገር ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች የደብዳቤን ነገር በሚገባ ታውቃላችሁ። አንድ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲደርስ ሠራተኛው በመጀመሪያ የሚያየው ከየት እንደ መጣና ማኅተሙን ነው። ማኅተሙ ትክክል ከመሰለው ገቢ አድርጎ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ኤክሶሶምም በላዩ ላይ የላኪውን ሕዋስ ምልክት ይዞ፣ በውስጡ ደግሞ ፕሮቲን፣ ስብና አር ኤን ኤ ተሸክሞ በደምና በሊምፍ መንገድ ይጓዛል። የካንሰር ሕዋስ ይህንኑ የፖስታ አገልግሎት ለክፉ ሥራው ይጠቀምበታል። የሚልካቸውንም ደብዳቤዎች ከፋፍለን ብንመለከት ቢያንስ አራት ዓይነት እናገኛለን።

የመጀመሪያው «ተዉት፣ አትንኩት» የሚለው ነው። ቲ ሴሎች ያለ ልክ ተቆጥተው ጤነኛውን ሥጋ እንዳይጎዱ ተፈጥሮ በላያቸው ላይ መግቻ አኑራለች። ከመግቻዎቹ አንዱ ፒዲ-ዋን ይባላል፤ በ1992 ያገኘው የጃፓኑ ሊቅ ታሱኩ ሆንጆ ነው። መግቻውን የሚጫነው ጣት ደግሞ ፒዲ-ኤል-ዋን ይባላል። የካንሰር ሕዋስ ይህን ጣት በገዛ አካሉ ላይ አብቅሎ የሚጠጋውን ቲ ሴል እንደሚያስቆም ቀድሞ ታውቆ ነበር። በ2018 ግን በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ዌይ ጉዎና ባልደረቦቹ፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ፒዲ-ኤል-ዋንን በከረጢቶቹ ላይ ለጥፎ በደም ውስጥ እንደሚበትነው አሳዩ። እንግዲህ ቲ ሴሉ ገና እጢው ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ትጥቁን ይፈታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የሞት ደብዳቤ ነው። አንዳንድ የካንሰር ከረጢቶች ፋስ ሊጋንድ የተባለ ፕሮቲን ይሸከማሉ። ይህም ፕሮቲን ቲ ሴሉን «ራስህን አጥፋ» ብሎ የሚያዝዝ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ዓይን የሚሸፍን ነው። የተፈጥሮ ገዳይ ሕዋሳት የተበላሸውን ሕዋስ የሚለዩበት እንደ ዓይን የሚያገለግል መቀበያ አላቸው። ከካንሰር የሚመጡ ከረጢቶች በሚሸከሙት ቲጂኤፍ-ቤታ በተባለ ቅመም ምክንያት ይህ መቀበያ ከሕዋሱ ላይ ይቀንሳል። ዘበኛው በቦታው ቆሞ ሳለ ሌባው በፊቱ ያልፋል።

አራተኛው ሩቅ አገር የሚላክ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚያስፈራው ይኸው ነው። በኒው ዮርክ የዌል ኮርኔል ሕክምና ኮሌጅ ሊቅ ዴቪድ ላይደንና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ጥናት፣ የሜላኖማ ከረጢቶች እስከ አጥንት መቅኔ ዘልቀው ገና በመሠልጠን ላይ ያሉትን ሕዋሳት ለካንሰሩ እንዲያገለግሉ እንደሚያስተምሯቸው ገለጹ። በ2015 ደግሞ ከረጢቶቹ በላያቸው ባለው ኢንቴግሪን በተባለ ምልክት መሠረት አንዳንዶቹ ወደ ሳንባ፣ አንዳንዶቹ ወደ ጉበት እንደሚሄዱ፣ በዚያም ኋላ ለሚመጣው የካንሰር ሕዋስ ማረፊያ እንደሚያዘጋጁ አሳዩ። የቡራዩ ሰው ይህን በገፈርሳ ግድብ ሊመስለው ይችላል። ከግድቡ ወደ ከተማ በሚወርደው ውኃ ላይ አንድ ነገር የጨመረ ሰው፣ እርሱ ራሱ ከቡራዩ ሳይንቀሳቀስ ሥራው አዲስ አበባ ቤት ለቤት ይደርሳል።

«ይህ ሁሉ ግምት ይሆን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2019 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሮበርት ብሌሎክና ባልደረቦቹ ያደረጉትን ሙከራ እንንገራችሁ። የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳትን ወስደው ከረጢት የሚልኩበትን ብልሃት በጂን ሥራ አጠፉባቸው። ሕዋሳቱን ወደ አይጦች ሲወጉአቸው፣ ደብዳቤ መላክ የተሳነው ካንሰር ማደግ አቃተው። የአይጦቹ ቲ ሴሎች በሊምፍ ዕጢው ውስጥ ነቅተው ተነሡበት። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ ከወራት በኋላ ከረጢት መላክ የሚችለው ብርቱ ካንሰር በነዚሁ አይጦች ላይ ሲወጋ ዘበኞቹ አስታውሰው ተቋቋሙት። ጠላት አንድ ጊዜ ከታወቀ ፊቱ አይረሳም ማለት ነው። ይህ በአይጥ የታየ ነው፤ ሰው ላይ እንዲሁ ይሆናል ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ከረጢቱ ለካንሰሩ ጌጥ ሳይሆን ጋሻው መሆኑን በግልጥ ያሳያል።

ይህ ዕውቀት በሕክምና ረገድ አንድ የከበደ ጥያቄን ለመፍታት ይረዳል። ሆንጆና አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን የቲ ሴልን መግቻ ማላቀቅ ካንሰርን እንደሚያክም በማሳየታቸው በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከ2014 ጀምሮ በዚህ መንገድ የተሠሩ የፒዲ-ዋን መድኃኒቶች ተስፋ የቆረጡ በሽተኞችን ሲያድኑ ታይቷል። ሆኖም በአብዛኛዎቹ የካንሰር ዓይነቶች መድኃኒቱ የሚረዳው ከበሽተኞቹ ጥቂቱን ነው። ለምን? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በደም ውስጥ የሚበተኑት ከረጢቶች ሊሆኑ እንደሚችሉ ሊቃውንቱ ያስባሉ።

ነገሩን አንድ ወገን ብቻ አድርገን እንዳንተወው ሌላውንም እንጨምር። ካንሰሩ የሚልከው ከረጢት ራሱን ካንሰሩን ሊያጋልጥም ይችላል። የላኪውን ምልክት ይዞ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ ነቅቶ የሚጠብቅ ዴንድሪቲክ ሴል ካገኘው ለቲ ሴሎቹ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ሐኪሞችም ይህንኑ ይፈልጋሉ። በአሜሪካ በሽንት ውስጥ ያሉትን ከረጢቶች መርምሮ የፕሮስቴት ካንሰርን የሚጠቁም ምርመራ ለሐኪሞች ቀርቧል። በፈረንሳይ አገር ደግሞ ከበሽተኛው ዴንድሪቲክ ሴል የተወሰዱ ከረጢቶችን እንደ ክትባት አድርጎ ለሳንባ ካንሰር መስጠት ተሞክሮ ነበር። በ2016 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው የተፈጥሮ ገዳይ ሕዋሳት ቢበረቱም ሕክምናው ወደታሰበው ግብ አልደረሰም። ሳይንስ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ ቆም ብሎ ማሰብ።

በዚህ መካከል ግን ነጋዴው ከሊቁ ቀድሞ ይሮጣል። «የኤክሶሶም መርፌ ሁሉን በሽታ ያድናል» የሚሉ ሰዎች በየአገሩ ተነሥተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2019 መጨረሻ ለሕዝብ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የፈቀደው አንድም የኤክሶሶም ሕክምና አለመኖሩን፣ ባልተፈቀደው መርፌም የተጎዱ ሰዎች መኖራቸውን አስታውቋል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በስልካችሁ ቢደርሳችሁ ዘመዳችሁ መሬቱን ሸጦ እንዳይከተለው ምከሩት።

አሁን ወደ መንደራችን እንመለስ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2020 ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር እንደ ተያዙ፣ ከ51 ሺህ በላይ እንደ ሞቱ ይገመታል። በሴቶቻችን ዘንድ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። በአዲስ አበባ ከ2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር መዝገብ ተቋቁሟል። ይህ መዝገብ የሚቆጥረው የከተማይቱን ነዋሪዎች ነው። ስለዚህ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ መጥቶ በዚያው የሚታከም ሰው ሕክምናውን ቢያገኝም ከመዝገቡ ቁጥር ውጭ ይቀራል። ሦስቱ ከተሞች ከ2022 ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። በየጤና ጣቢያውና በየማዘጋጃ ቤቱ የምትሠሩ ወጣቶች የካንሰርን በሽተኛ በጥንቃቄ መመዝገብ ተራ የወረቀት ሥራ እንዳይመስላችሁ። ያልተቈጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ሰዎቻችን ወደ ሐኪም የሚሄዱበት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት ካንሰሩ ተስፋፍቶ፣ እጢው ፈንድቶ ወይም ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ተሻግሮ ሳለ ነው። ምክንያቱም ጠባብ ኑሮ፣ የመንገድ ርቀት፣ እፍረትና «ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ» የሚል አስተሳሰብ ነው። ከላይ የነገርናችሁ የከረጢቱ ታሪክ ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። የሽምብራ ፍሬ የምታህል የማታም እጢ ዝም ያለች ትመስላለች እንጂ ዝም አላለችም። ደብዳቤዋን እየላከች ዘበኛውን ታዘናጋለች፤ በሩቅም ማረፊያ ታዘጋጃለች። ሕመም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መሮጥ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። እጢው ገና ሳለ ተቈርጦ ቢወጣ ግን ደብዳቤ ላኪው ራሱ ይወገዳል።

ስለዚህ እናንተ የተማራችሁት ልጆች በቤታችሁ የምትሠሩት ሥራ አለ። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ወይም እኅት «ጡት የሚያጠባ ሰው ያጋጥመዋል» ብላ እንዳትተወው ሳምንት ሳይሞላ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማኅፀን በር ምርመራ እንዲያደርጉ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር ይመክራል። ምርመራው ቀላል ነው፤ የሠለጠነች ነርስ አሴቲክ አሲድ በተባለ፣ ከኮምጣጤ በሚቀርብ ፈሳሽ ቀብታ በዓይኗ ታየዋለች። ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከል ክትባትም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ታናሽ እኅታችሁ ተከትባ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ ጠይቋት። ይህ ክትባት ካንሰሩ ሳይፈጠር፣ የመጀመሪያው ከረጢት ሳይላክ ዘበኛውን የሚያነቃ ነውና ከመድኃኒት ሁሉ ይቀድማል።

ሊቃውንት በትልልቅ ከተሞች ያንን የማይታይ ከረጢት እያሳደዱ ናቸው። አንድ ቀን ደብዳቤውን በመንገድ ላይ የሚይዝ መድኃኒት ያገኙ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው መድኃኒት ጊዜ ነው። እርሱም ቢሆን የሚጠቅመው በጊዜው ለተጠቀመበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያውቁ አልተናገሩም።

ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።